የመንጋጋ ጡንቻን በማሽን መለካት ለማን ይጠቅማል?

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ። በእነዚህ የአዲስ አበባ ዳር ሰፈሮች የኮንዶሚኒየሙ ምድር ቤት ሱቅ ነው። ፋርማሲ አለ፣ ጸጉር ቤት አለ፣ ዳቦ ቤት አለ። አሁን አሁን ደግሞ የጥርስ ክሊኒክ እየተጨመረ ነው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ጥርሱን ያመመው ሰው ሁለት ሦስት ታክሲ እየቀያየረ መሐል ከተማ መግባት አይጠበቅበትም።

ጥርሱ ደህና ሆኖ መንጋጋው የሚያመው ሰው ግን አሁንም ግራ ይጋባል። አፉን ሲከፍት ጆሮው ሥር «ቀጭ» ይልበታል። እንጀራ እንኳ ሲያኝክ ጉንጩ ይደክማል። ጠዋት ሲነሳ ፊቱ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ይመስለዋል። የጥርስ ሐኪም ጋ ልሂድ? የጆሮ ሐኪም ጋ? ወይስ ወጌሻ ዘንድ?

በዚህ መሐል ቲክቶክ ይገባል። ጉንጭና ግንባር ላይ ሽቦ ተለጥፎ፣ ስክሪን ላይ መስመር እየተንቀጠቀጠ፣ አንዱ ነጭ ጋወን የለበሰ ሰው «ይኸው፣ የግራ ጡንቻሽ ከቀኙ በላይ እየሠራ ነው» ይላል። ከውጭ የመጣ ዘመድም «እዛ እኮ በማሽን ነው የሚለኩት» ብሎ ያጸናዋል። ከዚያ በኋላ በጣቱ ጉንጭ ዳብሶ የሚመረምር ባለሙያ ኋላ የቀረ መምሰሉ አይቀርም።

እኔ በዚህ አልስማማም። የመንጋጋ መገጣጠሚያና የማኘኪያ ጡንቻ ሕመምን ለመለየት ዛሬም ዋናው መሣሪያ የሠለጠነ እጅና በደንብ የተጠየቀ ጥያቄ ነው። ማሽኑም የራሱ ቦታ አለው። ቦታው ግን ሰው የሚያስበው ቦታ አይደለም። ገንዘብ ለሌለው፣ ወረፋ ለሰለቸው የከተማ ዳር ነዋሪ ይህን ማወቅ ብዙ ብርና ብዙ ጤነኛ ጥርስ ሊያተርፍለት ይችላል።

መጀመሪያ ስለ መንጋጋው ትንሽ ልበል። ጣትዎን ከጆሮዎ ቀዳዳ ፊት ለፊት አድርገው አፍዎን ይክፈቱና ይዝጉ። ከጣትዎ ሥር የሚንሸራተተው የታችኛው መንጋጋ ጫፍ ነው። ይሄ መገጣጠሚያ ይሽከረከራል፣ ደግሞም ወደፊት ይንሸራተታል። በሁለቱ አጥንቶች መሐል ስስ ዲስክ አለች። ዲስኳ ከቦታዋ ሸርተት ብላ ስትመለስ ነው «ቀጭ» የሚለው። ሕመም ከሌለውና አፍ መክፈት ካልከለከለ ይሄ ድምፅ ብቻውን ሕክምና አያስፈልገውም። ብዙ ጤነኛ ሰው መንጋጋው ይጮኻል።

መንጋጋውን የሚዘጉት ዋናዎቹ ጡንቻዎች ደግሞ ጉንጭ ላይ ያለው ማሴተር፣ ከጆሮ በላይ በራስ ቅል ጎን የተዘረጋው ቴምፖራሊስና ከመንጋጋ አጥንት በስተውስጥ የተደበቀው ውስጠኛው ቴሪጎይድ ናቸው። ውጫዊው ቴሪጎይድ የሚባለው አራተኛው ደግሞ መንጋጋውን ወደፊትና ወደ ጎን ይስባል። ሁሉንም የሚያዛቸው አምስተኛው የራስ ቅል ነርቭ ነው።

በመንጋጋ ሕመም የሚሠቃየው ሰው ጥቂት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ ኦፔራ የሚባል ትልቅ ጥናት ተጀምሮ ነበር። ሕመሙ የሌለባቸውን አዋቂዎች ለዓመታት ሲከታተል በየዓመቱ ከመቶ ሰው አራት ያህሉ ላይ አዲስ ሕመም ሲጀምር አየ። ማን ላይ እንደሚጀምር ቀድሞ የሚጠቁመው ምን ነበር? ሌላ ቦታ ላይ ያለ ሕመም፣ የተበላሸ እንቅልፍ፣ ጭንቀት፣ ባጠቃላይ የሰውነት አለመመቸት። ሕክምና ፈልገው ከሚመጡት ደግሞ የሚበዙት ሴቶች ናቸው።

ይህን ሳነብ ትዝ የሚለኝ የሰፈራችን ጠዋት ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታ ልጆቿን አብልታ፣ ምሳ ቋጥራ፣ ከዚያ ረጅም የታክሲ ሰልፍ ላይ የምትቆም እናት። ሰዓቱ ይሄዳል፣ ታክሲው አይመጣም፣ አለቃ ይቆጣል። ሳታውቀው ጥርሷን ነክሳ ነው የምትቆመው። ጤነኛ ሰው በቀን ውስጥ ጥርስና ጥርሱ የሚነካካበት ጊዜ ተደምሮ ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው ተብሎ ይገመታል፤ ያውም አብዛኛው ሲበላና ምራቁን ሲውጥ። ከንፈር ገጥሞ ጥርስ መለያየት አለበት። ሰልፍ ላይ ጥርሱን ነክሶ የሚቆም ሰው የቀኑን ድርሻ በአንድ ጠዋት ይጨርሰዋል።

ማሽኑ ምን ይሠራል?

ጡንቻ ሲኮማተር ትንሽ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ይህን ኤሌክትሪክ የመመዝገብ ዘዴ ኤሌክትሮማዮግራፊ ይባላል፣ ባጭሩ ኢኤምጂ። ጀርመናዊው ኤሚል ዱ ቧ ሬይሞንድ እ.ኤ.አ. በ1849 ከሰው ክንድ ይህን ኤሌክትሪክ መዝግቧል። ልክ ከመቶ ዓመት በኋላ በ1949 አሜሪካዊው የጥርስ ማስተካከያ ሐኪም ሮበርት ሞየርስ ዘዴውን ወደ መንጋጋ ጡንቻ አመጣው። ከዚያ ወዲህ ምርምሩ አልቆመም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ታካሚዋ ጥርሷን ንክስ ታደርጋለች። ባለሙያው ጉንጯ ላይ ጉብ የሚለውን የማሴተር ወፍራም ክፍል በጣቱ ይፈልጋል። ቆዳውን በአልኮል ያጸዳል፤ ወንድ ከሆነ ጺሙ መላጨት አለበት። ከዚያ በጡንቻው ክሮች አቅጣጫ ሁለት ትንንሽ ተለጣፊ ኤሌክትሮዶች ይለጥፋል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ 20 ሚሊሜትር ነው። በቴምፖራሊስም ላይ እንዲሁ፣ በሌላኛው ፊትም እንዲሁ። አንድ ማጣቀሻ ኤሌክትሮድ ደግሞ ጡንቻ የሌለበት ቦታ ይቀመጣል። መጀመሪያ ዝም ብላ ትቀመጣለች፣ ይመዘገባል። ከዚያ ባላት ኃይል ትነክሳለች፣ ይመዘገባል። ከዚያ ታኝካለች።

መንጋጋ ዘና ሲል የሚነበበው ጥቂት ማይክሮቮልት ነው። ማይክሮቮልት የቮልት ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። በኃይል ሲነከስ መቶዎች ይደርሳል። እዚህ ላይ የሰፈሩ ኤሌክትሪክ ይመጣል። ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ 220 ቮልት ነው፣ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፣ ማለትም 50 ኸርዝ ነው። የጡንቻው ምልክት የሚነበበው ከ20 እስከ 500 ኸርዝ ባለው መሐል ስለሆነ ሃምሳ ኸርዙ ልክ ውስጡ ይወድቃል። ኧርዙ፣ ማለትም ትርፍ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ፣ በደንብ ባልተሠራበት ክፍል፣ ከአጠገቡ ጄኔሬተር እየጮኸ፣ ቻርጀር ተሰክቶ የሚወሰድ ልኬት የጡንቻውን ይሁን የመብራቱን መለየት ሊያስቸግር ይችላል። ጥሩ መሣሪያና ጥንቁቅ ባለሙያ ይህን ያጣራሉ። ጥንቃቄው ግን ከመሣሪያው ጋር በካርቶን ታሽጎ አይመጣም።

ቁጥሩ ለምን ያሳስታል?

እንበልና መብራቱም ኧርዙም ተስተካክሎ ጥሩ ልኬት ተወሰደ። አሁንም ችግር አለ፣ እኔን በጣም የሚያሳስበኝም ይሄኛው ነው።

አንደኛ፣ ኤሌክትሮዱ የሚሰማው ቆዳ ሥር ያለውን ብቻ ነው። ሁለቱ ቴሪጎይዶች ከአጥንት ጀርባ ስለሆኑ በተለጣፊ አይደረስባቸውም፤ መርፌ ይፈልጋሉ። ማሴተር ላይ የተለጠፈው ደግሞ የማሴተርን ብቻ አይሰማም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቴሌቪዥናችሁን ዘግታችሁ የጎረቤትን ዜና እንደምትሰሙት፣ ፈገግ የሚያስደርጉትን የፊት ጡንቻዎችም ይሰማል። ታካሚዋ ፈገግ ካለች፣ ምራቋን ከዋጠች፣ ዓይኗን ከጨፈነች ቁጥሩ ይለዋወጣል። ኤሌክትሮዱ ተነስቶ ነገ በግማሽ ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ቢለጠፍ ሌላ ቁጥር ይመጣል። ጉንጯ ሞላ ያለ ሰው ቆዳዋ ሥር ያለው ስብ ምልክቱን ስለሚያደክመው ዝቅተኛ ይነበባል። ይሄ ጡንቻዋ ደካማ ነው ማለት አይደለም።

ተመራማሪዎች ይህን ለማስተካከል ሁሉንም ነገር በመቶኛ ያሰላሉ። ታካሚዋ ባላት ኃይል የነከሰችው መቶ ይባላል፣ ሌላው ከዚያ አንጻር ይለካል። ለጤነኛ ሰው ጥሩ ነው። ለሚያመው ሰውስ? የሚያመው ሰው ባለው ኃይል አይነክስም። ያመዋላ! ስለዚህ መቶው ራሱ ትንሽ ይሆናል። ከትንሽ መቶ አንጻር ሲሰላ ተራው እንቅስቃሴ ትልቅ ሆኖ ይታያል። ስክሪኑ ላይ «ጡንቻሽ ከመጠን በላይ እየሠራ ነው» የሚለው ከዚህ ሒሳብ ብቻ ሊመጣ ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። ድሮ የነበረው አስተሳሰብ ጡንቻ ይወጠራል፣ ውጥረቱ ሕመም ያመጣል፣ ሕመሙ ደግሞ መልሶ ያወጥረዋል የሚል ነበር። ለሰሚው ልክ ይመስላል። ልክ ቢሆን ኖሮ ሕመምተኛን ከጤነኛ በማሽን መለየት ቀላል ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ጄምስ ሉንድና ባልደረቦቹ ሌላ ሐሳብ አመጡ። የሚያመው ጡንቻ አጥብቆ ከመኮማተር ይልቅ ኃይሉን ይቀንሳል፣ ተቃራኒው ጡንቻ ደግሞ እንቅስቃሴውን ይገድባል አሉ። ሰውነት የተጎዳውን ይጠብቃል ማለት ነው። እግሩን ያመመው ሰው ለምን እንደሚያነክስ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ይረዳል። በዚህ አስተሳሰብ ከሄድን ልዩነቱ የሕመሙ ውጤት እንጂ መንሥኤው ላይሆን ይችላል።

የሌሊቱ ነገርም እንዲሁ ያስገርማል። «መንጋጋሽን የሚያምሽ ሌሊት ጥርስሽን ስለምታፋጪ ነው» የሚል ምክር ያልሰማ የለም። ልጅ ሌሊት ጥርሱን ካፋጨ ደግሞ «ወስፋት አለበት» ይባላል፤ ይሄኛው ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኒውዮርክ ውስጥ እነ ካረን ራፋኤል የማኘኪያ ጡንቻ ሕመም ያለባቸውን 124 ሴቶችና ሕመም የሌለባቸውን 46 ሴቶች የእንቅልፍ ላቦራቶሪ ውስጥ አስተኝተው ሌሊቱን ሙሉ መዘገቡ። ሕመምተኞቹ ከጤነኞቹ የበለጠ ጥርሳቸውን አላፋጩም። በዓመቱ ያው ቡድን መዝገቡን መልሶ አየው። በማፋጨቶቹ መሐል ባለው ጸጥ ባለ ጊዜ የሕመምተኞቹ ጡንቻ ዝቅ ያለ ግን የማያቋርጥ ውጥረት ነበረበት። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ በቡድን ደረጃ እውነት አሳይቷል። ለምርምር የጠቀመውም ለዚህ ነው። የሁለቱ ቡድን ቁጥሮች ግን ይደራረባሉ። አንዷን ሴት አስቀምጦ «ይሄ ቁጥርሽ ስለሆነ ታመሻል» ማለት አይቻልም።

ጋሪ ክላሰርና ጄፍሪ ኦኬሰን የተባሉ ሁለት የዘርፉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2006 የተሠራውን ሁሉ ገምግመው የደረሱበትም ይሄው ነው። በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ኢኤምጂ የመንጋጋ ሕመምን ለመመርመርም ሆነ ሕክምናን ለመወሰን ያለው ጥቅም በጣም ውስን ነው አሉ።

እጅ የሚያገኘው

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። ዕድሜያቸው ሃምሳ ይሆናል። ክሩን በጥርሳቸው ነው የሚበጥሱት፣ ስፒሉንም በጥርሳቸው ይዘው ነው የሚሠሩት። የታችኛው መንጋጋ ጥርሳቸው አመማቸውና አንድ ክሊኒክ ሄደው አስነቀሉት። ሕመሙ ግን አልሄደም። «የተነቀለው ጥርስ እንዴት ያማል?» እያሉ ሰው ሲያስቸግሩ ነበር።

አንድ ወጣት የጥርስ ሐኪም ጋ አብሬያቸው ሄድኩ። ማሽን አላወጣም። ወንበር ስቦ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ባለፈው አንድ ወር አሞዎታል?»

«ምን አንድ ወር! ዓመቱ።»

«ሲያኝኩ ይብሳል? ሲያዛጉስ?»

«ሥጋ ካኘክሁማ አልተኛም። ጉርሻማ ትቻለሁ።»

አፋቸውን እንዲከፍቱ ነገራቸው። ሦስት ጣት ቀጥ ብሎ መግባት ነበረበት፤ የገባው ሁለት ነው። በማስመሪያ ለካው። ከዚያ ጣቱን ጉንጫቸው ላይ አድርጎ ማሴተሩን ተጫነው። አንድ ኪሎ ያህል ክብደት ነው የሚባለው፤ ባለሙያዎች ጣታቸውን በሚዛን ላይ ያለማምዱታል። ወዲያው አላነሳውም። አምስት ሴኮንድ ያህል ያዘው።

«ይሄ የሚያውቁት ሕመም ነው?»

«እሱ ነው! ውይ፣ ጥርሴን ነው የሚያመኝ። ያንን ጥርሴን!»

የተጫነው ጉንጭ ነው። ያመማቸው የሌለው ጥርስ ቦታ ነው። ማሴተር ሕመሙን ወደ መንጋጋ ጥርስና ወደ ጆሮ ይልካል። ቴምፖራሊስ ደግሞ ወደ ላይኛው ጥርስ። የተነቀለው ጥርስ ደህና ነበር ማለት አልችልም፣ አላየሁትምና። ቢያንስ ግን ይህቺ አንድ ጥያቄ ከመንቀያው በፊት መጠየቅ ነበረባት።

ያ ሐኪም ያደረገው ከራሱ የፈጠረውን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣና በ2014 በእነ ኤሪክ ሺፍማን የተሻሻለ ዓለም አቀፍ የመመርመሪያ መስፈርት አለ። ማንም ባለሙያ በነጻ ይጠቀምበታል። ሕመሙ ካለፉት 30 ቀናት ውስጥ ነበር ወይ? በመንጋጋ እንቅስቃሴ ይለዋወጣል ወይ? በጣት ሲጫኑት ያው የሚታወቀው ሕመም ይመጣል ወይ? በዚህ ብቻ ከመንጋጋ የሚመጣን ሕመም መለየት ይቻላል። ሕመሙ ካለባቸው መቶ ሰዎች ቢያንስ 86ቱን ያገኛል፣ ከሌለባቸው መቶ ሰዎች ደግሞ ቢያንስ 98ቱን የለባችሁም ይላል። መስፈርቱ ሁለተኛ ክፍልም አለው፤ ስለ ጭንቀት፣ ስለ ድባቴ፣ ሕመሙ ከሥራና ከኑሮ ምን ያህል እንዳገደ ይጠይቃል። የጡንቻ ኤሌክትሪክ ልኬት ግን መስፈርቱ ውስጥ የለም።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ለክሩ መቀስ፣ ለስፒሉ የስፒል መሰኪያ ትራስ ታዘዘላቸው። ጥርሳቸውን ለያይተው ምላሳቸውን ከላይኛው የፊት ጥርስ ጀርባ ማሳረፍን ተማሩ። ሞቅ ያለ እርጥብ ፎጣ ጉንጫቸው ላይ አድርገው ቀስ እያሉ አፋቸውን የመክፈት ልምምድ ያዙ። ስፌቱን ግን ሊተዉት አይችሉም፤ አንገታቸውን ደፍተው የሚውሉት እንጀራቸው ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሦስተኛዋ ጣት በጭንቅ መግባት ጀመረች። ሕመሙ ሙሉ በሙሉ ለቀቃቸው አልልም። ቢያንስ ቆሎ ሲቀርብ ሳህኑን መግፋት ትተዋል።

ልኬቱ ወዴት ይወስዳል?

ልኬቱ ብቻውን ማንንም አይጎዳም። ተለጣፊ ነው፣ አያምም። የሚያስፈራኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። በአንዳንድ አገሮች ከልኬቱ በኋላ ጡንቻውን በኤሌክትሪክ አዝናንተው «ትክክለኛው የመንጋጋሽ ቦታ ይሄ ነው» ይላሉ። ከዚያ ጥርሱን ወደዚያ ቦታ ለማምጣት ይሞርዱታል፣ በክራውን (ጥርስ ላይ በሚገጠም ሰው ሠራሽ ቆብ) ይሸፍኑታል፣ ወይም ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ያስራሉ። የተሞረደ ጥርስ አይበቅልም። ያ ሁሉ ወጪና ያ ሁሉ ጥርስ ያረፈው በጥቂት ማይክሮቮልት ላይ ነው ማለት ነው።

ደግሞም አብዛኛው የመንጋጋ ሕመም ጊዜና እንክብካቤ ካገኘ እየቀለለ የሚሄድ ነው። ለዚህም ነው ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል እ.ኤ.አ. በ2023 ለቆየ የመንጋጋ ሕመም ያወጣው መመሪያ ከላይ ያስቀመጣቸው ቀላል የሚመስሉ ነገሮች የሆኑት። የመንጋጋ ልምምድና ማፍታታት፣ በባለሙያ እጅ ማንቀሳቀስና ማሸት፣ የአቀማመጥ ልምምድ፣ ሕመምን በተመለከተ አስተሳሰብንና ልማድን የሚያስተካክል የሥነ ልቦና ሕክምና፣ ለታካሚው በደንብ ማስረዳትና ማረጋጋት። ጥርስ ላይ የሚጠለቀውን የሌሊት ፕላስቲክ ባይመርጡ ይሻላል ይላል፤ ጡንቻን የሚያላላውን የቦቶክስ መርፌንም እንዲሁ። የጥርስን አገጣጠም ለዘለቄታው የሚቀይር ፕላስቲክንና ዲስኳን አውጥቶ መጣልን ግን አጥብቆ ይቃወማል።

ማሽኑ ቦታ አለው ያልኩትም እዚሁ ውስጥ ነው። ሰው ጥርሱን ሲነክስ አያውቀውም። ስክሪኑ ላይ መስመሩ ከፍ ሲል፣ ወይም መሣሪያው «ጢጥ» ሲል ግን ያውቃል፤ ዘና ማለትን ይማራል። ባዮፊድባክ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የጥናቶች ማጠቃለያ ለመንጋጋ ሕመም እንደሚረዳ አሳይቷል። የ2023ቱ መመሪያም ከሥነ ልቦና ሕክምናው ጋር ተደርቦ ሊሰጥ እንደሚችል ያስቀምጣል። እዚህ ማሽኑ የሚያገለግለው አስተማሪ ሆኖ ነው። ትክክለኛ ቁጥር አያስፈልገውም፣ ከፍና ዝቅ ማለቱ ይበቃል።

ማሽን ለሌለው ሰፈር ደግሞ ስልክ አለ። በየሰዓቱ የሚነዝር ማስታወሻ ይሞላል። በነዘረ ቁጥር አንድ ጥያቄ፦ ጥርሴ ተነካክቷል ወይ? ከተነካካ ይለያያል፣ ትከሻ ይወርዳል፣ ትንፋሽ ይወጣል። ከቦሌ አራብሳ መገናኛ እስኪደረስ ሁለት ሦስቴ መለማመድ ይቻላል።

ሁለተኛው ቦታው ምርምር ነው። እዚህ አገር ሰው ፊት ለፊቱ ያለ፣ ሌላው ዓለም የማይጠይቀው ጥያቄ አለ። ጫት የሚቅም ሰው ቅጠሉን በአንድ ጉንጩ ይዞ ለሰዓታት ያኝካል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ማነቃቂያ ነው፤ አነቃቂ ዕፆች ደግሞ ጥርስ የማፋጨት ልማድን እንደሚያባብሱ ይታወቃል። አንዳንድ የድባቴ መድኃኒቶችም እንዲሁ። የሚቅመው ጉንጭ ጡንቻ ከሌላው በምን ይለያል? ምን ያህልስ ይደክማል? ጡንቻ ሲደክም የኤሌክትሪክ ምልክቱ ድግግሞሽ ወደ ታች ይወርዳል፤ ኢኤምጂ ይህን በደንብ ያያል። አንድ መሣሪያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተቀምጦ ይህን ቢጠይቅ በየክሊኒኩ ተበትኖ ገንዘብ ከሚያስከፍል ይልቅ ለአገር ይጠቅማል።

ለከተማ ዳር ጤና ጣቢያዎች ግን የምመኘው ሌላ ነው። በአገራችን የከተማ ጤና ጣቢያ አርባ ሺህ ሰው እንዲያገለግል ነው የታሰበው። እዚያ ላለ የጤና መኮንን ወይም ነርስ ሦስቱን ጥያቄዎች፣ የሦስት ጣቷን ልኬትና ማሴተርን መጫን ማስተማር ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ማስመሪያ ርካሽ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችንም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያስመርቃል፤ መንጋጋ የሥራቸው አካል መሆኑን ሰው ቢያውቅ ብዙ ጥርስ አይነቀልም ነበር። የሰፈር ክሊኒክ ያለው የጥርስ ሐኪምም ቢሆን ጥርሱ ላይ ቀዳዳም እብጠትም ካላየ፣ ራጁም ደህና ከሆነ፣ መንቀያውን ከማንሳቱ በፊት ጉንጩን ይጫን።

እርስዎም ወንበሩ ላይ ተቀምጠው «የጡንቻዎን እንቅስቃሴ እንለካ» ቢባሉ፣ ዝም ብለው አይስማሙ። በውጤቱ ምክንያት ሕክምናዬ ይቀየራል ወይ ብለው ይጠይቁ። የሚቀየረው ወደ መሞረድ፣ ወደ ክራውን ወይም ወደ ብሬስ ከሆነ ሌላ ሐኪም ሳያማክሩ እሺ አይበሉ። ለዘና ማለት ልምምድ ከሆነና ዋጋው ካልከበደዎት ይሞክሩት።

ጊዜ የማይሰጡ ነገሮችም አሉ። ከቁስል በኋላ መንጋጋ ከተቆለፈና ሰውነት ከተንዘፈዘፈ መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ሊሆን ይችላል፤ ሌላ በሽታ ነው፣ ይገድላል፣ በቀጥታ ሆስፒታል ነው። አፍ እንደተከፈተ ከቀረ፣ ፊት ካበጠና ትኩሳት ካለ፣ ከንፈር ወይም አገጭ ከደነዘዘ አይቆይም። ዳገት ሲወጡ ወይም ሲፈጥኑ ብቻ የሚመጣና ሲያርፉ የሚተው የመንጋጋ ሕመም ከልብ ሊሆን ይችላል። ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ ሰው አዲስ ራስ ምታት ጀምሮት፣ ሲያኝክ መንጋጋው እየዛለ፣ ዓይኑም ብዥ ካለበት የደም ሥር ብግነት ሊሆን ስለሚችል ያኑ ቀን መታየት አለበት፤ ሕክምናው ከዘገየ ዓይን ሊጠፋ ይችላል።